ካሜራው ቤት ውስጥ ይታያል፣ ከውጭ ግን አይከፈትም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የደህንነት ካሜራ የሚገጥም ባለሙያ ሥራውን ሲያስረክብ ብዙውን ጊዜ የባለቤቱን ስልክ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ ምስሉን ያሳያል። ይህ ካሜራው መሥራቱን እንጂ ከርቀት መታየቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ብቻ መሞከር ያስፈልጋል። ከቤት ሳይወጡ በውጭው አድራሻ (ቤቱ በኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) መሞከርም አያስተማምንም፤ ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ተነሥቶ በውጭው አድራሻ ዞሮ የሚመለስን ጥያቄ ስለማያስተናግዱ፣ በትክክል የተዘጋጀው እንኳ የተበላሸ ሊመስል ይችላል።

በዋይፋይ ይታያል፣ በሞባይል ዳታ አይታይም

በመጀመሪያ በስልኩ መተግበሪያ ውስጥ ምን እንደተመዘገበ ይታይ። የተመዘገበው በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር፣ አለዚያም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ክልል ውስጥ ያለ ቁጥር ከሆነ፣ ይህ የቤት ውስጥ አድራሻ ነው። ያው ቁጥር በሌሎች እልፍ ቤቶች ውስጥም ስላለ ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ መንገድ አይጠቁምም፤ በፖስታ ላይ «ሳሎን» ብቻ ጽፎ እንደመላክ ነው። ቀላሉ መፍትሔ የአምራቹን የማገናኛ አገልግሎት መጠቀም ነው፤ ለሂክቪዥን ሂክ-ኮኔክት፣ ለዳሁዋ ደግሞ ዲኤምኤስኤስ አለ። በመቅጃው (የካሜራዎቹን ምስል በሚያከማቸው ሳጥን) የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ አገልግሎቱን ከፍቶ የሚወጣውን ኪውአር ኮድ በስልክ ማንበብ ይበቃል። ግንኙነቱን የሚጀምረው መቅጃው ራሱ ስለሆነ በራውተሩ ላይ ምንም ፖርት (ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ የሚገባበት ባለ ቁጥር በር) መክፈት አያስፈልግም።

አገልግሎቱ ተከፍቶ ሳለ መቅጃው «ኦፍላይን» የሚል ከሆነ፣ መንስኤው ብዙ ጊዜ አይፒ አድራሻው (የመሣሪያው የኔትወርክ ቁጥር) በእጅ ሲሞላ የጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫ) እና የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ አድራሻ ቀያሪ) ቦታዎች ባዶ መቅረታቸው ወይም በስሕተት መሞላታቸው ነው። ያለ ጌትዌይ መቅጃው ከቤቱ ኔትወርክ ውጭ መውጣት አይችልም፤ በቤት ውስጥ ግን ያለ እንከን ስለሚሠራ ጉድለቱ አይታወቅም። በጌትዌይ ቦታ የራውተሩን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1፣ በዲኤንኤስ ቦታ ደግሞ 8.8.8.8 መጻፍ ችግሩን ይፈታዋል።

መሣሪያው በሌላ አካውንት ተመዝግቧል የሚል መልእክት ከመጣ ጉዳዩ ከቴክኒክ ያለፈ ነው። ገጣሚው ሥራውን ለማፋጠን መሣሪያውን በራሱ አካውንት መዝግቦት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ እርሱ እስከ ዛሬ ድረስ ቤትዎን ማየት ይችላል ማለት ነው። ከአካውንቱ እንዲሰርዘው ጠይቀው በራስዎ ስም ይመዝግቡ፤ የመቅጃውን የይለፍ ቃልና የማረጋገጫ ኮድም በዚያው ይቀይሩ። ገጣሚው ካልተገኘ የግዢ ማስረጃ ይዞ አምራቹን ወይም ወኪሉን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፖርት ተከፍቷል፣ ግን ምንም አይገባም

በአምራቹ አገልግሎት መጠቀም የማይፈልጉ ሰዎች በራውተሩ ላይ ፖርት ይከፍታሉ፤ በሂክቪዥን 8000፣ በዳሁዋ 37777፣ ለቀጥታ የቪዲዮ ፍሰት ደግሞ 554 የተለመዱ ናቸው። ይህ ሁሉ በትክክል ተሞልቶ የማይሠራ ከሆነ፣ በራውተሩ ገጽ ላይ በውጭው በኩል የተጻፈውን አይፒ አድራሻ፣ አይፒ ከሚያሳይ ማንኛውም ድረ ገጽ ከሚያገኙት ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ከተለያዩ ከቤትዎ ራውተር ውጭ ሌላ አድራሻ ቀያሪ አለ ማለት ነው። በራውተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ አገልግሎት ሰጪው አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው፤ በሲም ካርድ የሚሠሩ ራውተሮች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። በዚህ ሁኔታ የቤቱን ራውተር ምንም ያህል ቢነካኩት ፖርቱ አይከፈትም። መውጫው የአምራቹን አገልግሎት መጠቀም፣ እንደ ታይልስኬል ያለ ቪፒኤን (ከርቀት ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) ቤት ውስጥ ሁልጊዜ በሚበራ ኮምፒውተር ላይ መጫን፣ ወይም ከአገልግሎት ሰጪው ቋሚ የውጭ አድራሻ መጠየቅ ነው። በራውተሩ ላይ የሚታየው በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ሁለት ራውተሮች ተከታትለው ተሰክተው ሊሆን ስለሚችል የፊተኛውን (ከአገልግሎት ሰጪው መስመር ጋር የተገናኘውን) ወደ ብሪጅ (አድራሻ ሳይቀይር ወደሚያሳልፍ ሁኔታ) መቀየር ይሻላል።

ሆኖም ፖርት መክፈትን አልመክርም። ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር በ2016 እ.ኤ.አ. ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት የወረረው ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ሳይቀየር በኢንተርኔት ላይ የተጋለጡትን እየፈለገ ነበር። ጠንካራ የይለፍ ቃልም ብቻውን አይበቃም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በሂክቪዥን ምርቶች ላይ ይፋ የሆነው ቀዳዳ ያለ ምንም የይለፍ ቃል መሣሪያውን ለመቆጣጠር ያስችል ነበር። ፖርቱን ከ8000 ወደ ሌላ ቁጥር መቀየርም ፈላጊውን ጥቂት ያዘገየው እንደሆነ ነው እንጂ አያስቀረውም። ፈርምዌሩን (የመሣሪያውን ውስጣዊ ሶፍትዌር) ማደስና በራውተሩ ላይ ያለውን ዩፒኤንፒ ማጥፋት የሚሻል ጥንቃቄ ነው፤ ይህ ቅንብር ባለቤቱ ሳያውቅ ፖርት ሊከፍት ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ቆመ

ራውተሩ እንደገና ሲነሣ ለመቅጃው ሌላ አድራሻ ሰጥቶት ይሆናል፤ የተከፈተው ፖርት ግን አሁንም ወደ ቀድሞው አድራሻ ያመለክታል። በራውተሩ ላይ ለመቅጃው ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ይህን ያስቀራል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር ራውተሩንና መቅጃውን በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ መሰካት ይመከራል፤ መቅጃው ብቻ ቢበራ ቀረጻው ይቀጥላል እንጂ ከርቀት አይታይም።

ምስሉ ይከፈታል፣ ግን እየቆመ ይሄዳል

እዚህ ላይ ወሳኙ ቤቱ ኢንተርኔት የሚቀበልበት ሳይሆን ወደ ውጭ የሚልክበት ፍጥነት ነው። በ1080 ጥራት የሚቀርጽ አንድ ካሜራ ዋናውን ፍሰት ለመላክ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ገደማ ሊፈልግ ስለሚችል፣ አራቱን በአንድ ጊዜ ማየት 16 ሜጋ ቢት ይጠይቃል። በመተግበሪያው ንዑስ ፍሰቱን (ዝቅተኛ ጥራት ያለውን) መምረጥ፣ ለምሳሌ 512 ኪሎ ቢት፣ ለዕለት ክትትል ይበቃል፤ ዋናው ፍሰት በመቅጃው ላይ በሙሉ ጥራት መቀረጹን አያቋርጥም።

የቀጥታው ይታያል፣ የትናንቱ ቀረጻ አይገኝም

መንስኤው ብዙ ጊዜ የመቅጃው ሰዓት መዛባት ነው። የሰዓት ሰቁን ጂኤምቲ+3 አድርጎ የኤንቲፒ ማስተካከያውን (ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን) መክፈት ያስፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ትቀየር። በውጭ አገር ሆነው አዲስ አበባ ያለውን ቤት የሚከታተሉ ደግሞ የቤተሰቡንና የመቅጃውን አቆጣጠር ማስተያየት ይኖርባቸዋል፦ ዘበኛው «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ» ካለ፣ በመቅጃው ላይ የሚፈለገው 20:00 ነው።