ዩ ሞገድን በኢሲጂ ላይ መለየት፣ መለካትና መተርጎም

በኢሲጂ፣ ማለትም በልብ የኤሌክትሪክ ምዝገባ ላይ፣ ከቲ ሞገድ (ቬንትሪክሎች፣ የታችኞቹ የልብ ክፍሎች፣ ወደ ዕረፍት ሲመለሱ ከሚታየው) በኋላ፣ ከሚቀጥለው ፒ ሞገድ (የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ሲነቁ ከሚታየው) በፊት፣ አንዳንዴ ዝቅ ያለ ትንሽ ጉብታ ይታያል። ዩ ሞገድ ይባላል። ስሙን የሰጠው የዘመናዊው ኢሲጂ አባት የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ሞገዱ ከየት እንደሚመነጭ እስካሁን ስምምነት አልተደረሰበትም።

ብዙ አንባቢ ቲ ሞገድ ጋ ሲደርስ ንባቡን ይጨርሳል። መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። የፖታሲየም እጥረት ሳይታወቅ ያልፋል፤ ቲ እና ዩ ተደምረው ይለኩና ጤናማ ሰው «ኪውቲው (ቬንትሪክሎች ከሚነቁበት እስከ ቲ ማብቂያ ያለው ጊዜ) ረዝሟል» ይባላል፤ የልብ ደም ስር መጥበብ ብቸኛ ምልክት የነበረው የተገለበጠ ዩ ሳይታይ ይቀራል። ሦስቱንም ስህተት የሚያስቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ጉብታ ከቲ የተለየ ሞገድ ነው ወይስ የቲ ቀሪ አካል?

መጀመሪያ ወረቀቱ ይስተካከል

በመደበኛው ቅንብር፣ ማለትም በ25 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ፍጥነትና በ10 ሚሊ ሜትር በሚሊቮልት ከፍታ፣ አንድ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊ ሰከንድና 0.1 ሚሊቮልት ነው። ጤናማ ዩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ካሬ አይበልጥም። ስለዚህ ከተጠራጠሩ ከፍታውን ወደ 20 ሚሊ ሜትር በሚሊቮልት አሳድገው ደግመው ያትሙ፤ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ግን ቅንብሩን ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ዩ ዝቅ ያለና ዝግተኛ ሞገድ ስለሆነ የሚያጠፋው የመነሻ መስመር መዋዠቅ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛ፣ እጆቹን ያዝናና፣ አይንቀጥቀጥ፤ ቆዳው ተጠርጎ ይድረቅ። በአልጋ አጠገብ ሞኒተር ላይ በሚታየው መስመር ዩን አይፍረዱ፤ ሞኒተሮች መስመሩን ለማረጋጋት ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ስለሚቆርጡ ኤስቲን (ከቲ በፊት ያለውን ክፍል) እና ቲን፣ ከእነሱም ጋር ዩን፣ ያዛባሉ። ለምርመራ የሚሆነው ባለ 12 ሊድ (ልብን ከ12 አቅጣጫ የሚያሳይ) ህትመት ነው።

የኤሌክትሮዶቹ ቦታም ወሳኝ ነው። ከደረት ሊዶቹ (ከቪ1 እስከ ቪ6) መካከል ቪ2 ከደረት አጥንት ግራ ጠርዝ፣ በአራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ ይቀመጣል። ቪ4 በአምስተኛው ክፍተት በአንገት አጥንት መሀል ቀጥታ መስመር ላይ ሲውል፣ ቪ3 የሁለቱ መሀል ነው። ቪ2ን አንድ ወይም ሁለት ክፍተት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ የቲን ቅርጽ ስለሚለውጥ ከቀድሞው ኢሲጂ ጋር የሚደረገውን ንጽጽር ከንቱ ያደርገዋል።

የት እና እንዴት ይፈለጋል

ከቪ2 እና ቪ3 ይጀምሩ፤ ዩ ከሁሉም ሊዶች በላይ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። በእጅና በእግር ሊዶች ብዙውን ጊዜ አይታይም። የመነሻ መስመሩን ከዩ ማብቂያ እስከ ፒ መጀመሪያ ባለው ጠፍጣፋ ክፍል ላይ ያስምሩ፤ ቲ እና ዩ በሚገናኙበት ስርጉድ ላይ ካሰመሩ ከፍታውን አሳንሰው ይለካሉ።

ጤናማ ዩ ከቲ ጋር አንድ አቅጣጫ አለው፦ ቲ ወደ ላይ ከሆነ እሱም ወደ ላይ፣ በኤቪአር (ከእጅና እግር ሊዶች አንዱ) እንደሚሆነው ቲ ወደ ታች ከሆነ እሱም ወደ ታች። ከፍታው ከቲ ሩብ አይበልጥም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ አስረኛው ገደማ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ምክንያት ይፈለግለታል። ቅርጹም ይረዳል፤ ቲ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቶሎ ሲወርድ ዩ ግን ቶሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

የልብ ምት ፍጥነትን ሳይመለከቱ ስለ ዩ መናገር አይቻልም። ምቱ በደቂቃ ከ65 በታች ሲሆን በአብዛኛው ሰው ላይ ይታያል። ከ95 በላይ ሲሆን ፒ ስለሚደርስበት ፈጽሞ አይታይም ማለት ይቻላል። ምቱ 50 በሆነ ጤናማ ስፖርተኛ ላይ በቪ3 የሚታይ ግልጽ ዩ ስለዚህ አያስደነግጥም፤ ምቱ 90 በሆነ ታካሚ ላይ የሚታይ ትልቅ ዩ ግን ያሳስባል።

ከዚያ ዩ የሚመስሉትን ይለዩ። ዋነኛው ሁለት ጫፍ ያለው ቲ ነው። ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ ሁለተኛው ያለውን ርቀት ይለኩ፦ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በታች፣ ማለትም ከአራት ትንንሽ ካሬ ያነሰ ከሆነ፣ ሁለቱም የቲ ናቸው ብሎ ማሰብ ይሻላል፤ ከዚያ ከሰፋ ሁለተኛው ዩ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። በአንድ ሊድ ብቻ አይወስኑ፤ ሊዶቹ በአንድ ጊዜ ከተመዘገቡ ከቪ3 ጫፍ በቀጥታ ወደ ታች መስመር አስምረው በሌሎቹ ሊዶች በዚያች ቅጽበት ምን እንዳለ ይመልከቱ።

ሌላው አታላይ የተደበቀ ፒ ነው። ከላይኛው የልብ ክፍል ከሚመጡት ሁለት ምቶች አንዱ ብቻ ወደ ታች በሚያልፍበት ጊዜ፣ ያላለፈው ፒ ልክ ዩ የሚሆንበት ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ካሊፐር (ባለ ሁለት ጫፍ የርቀት መለኪያ) ይዘው በሁለት የታወቁ ፒዎች መካከል ያለውን ርቀት ለሁለት ይክፈሉ፤ ጉብታው ትክክል መሀል ላይ ከወደቀ ፒ ነው። ይህን ማጣት ለታካሚው አደገኛ ነው፤ ምቱ የዘገየው በመስመር መዘጋት ሆኖ ሳለ «ዩ ያለው ተራ ዝግመት» ተብሎ ይታለፋል።

ምንጩ ላይ ያለው ክርክር ለምን ይጠቅማል

የመጀመሪያው ማብራሪያ የኤሌክትሪክ ምልክቱን ወደ ቬንትሪክል ጡንቻ የሚያደርሱትን ፐርኪንጄ ቃጫዎች ይጠቅሳል። የእነሱ አክሽን ፖቴንሻል (ህዋሱ ነቅቶ እስኪያርፍ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ለውጥ) ከቬንትሪክል ጡንቻ ስለሚረዝም፣ ሁሉም ካረፈ በኋላ እነሱ ገና ወደ ዕረፍት ሲመለሱ ዩ ይወለዳል ይላል። ጊዜው ይገጥማል። ችግሩ መጠናቸው ነው፤ ይህን ያህል ቀጭን መረብ ከደረት ላይ የሚታይ ሞገድ ማውጣቱ ያጠራጥራል። ፐርኪንጄ ቃጫ በሌላቸው እንቁራሪት መሰል እንስሳት ልብ ላይም ዩ ተመዝግቧል።

ሁለተኛው ማብራሪያ በቬንትሪክል ግድግዳ መሀል ያሉትን ኤም የተባሉ ህዋሳት ያነሳል። ለብቻቸው ሲጠኑ አክሽን ፖቴንሻላቸው ረጅም ነው፤ በሙሉ ጡንቻ ውስጥ ግን ከጎረቤቶቻቸው ጋር በኤሌክትሪክ የተያያዙ ስለሆኑ ልዩነቱ ይጠባል። በግድግዳ ቁራጭ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም የእነሱ ማብቂያ ከቲ ማብቂያ ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል። ከዚህ የተገኘው ጠቃሚ ሐሳብ፣ በፖታሲየም እጥረት ወይም በመድኃኒት ጊዜ «ትልቅ ዩ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ቲ ሁለተኛ ክፍል ነው የሚለው ነው።

ሦስተኛው መካኒካዊው ነው። ዩ የሚጀምረው በሁለተኛው የልብ ድምፅ አካባቢ፣ ቬንትሪክሉ በሚላላበት ቅጽበት ነው። ጡንቻው ሲለጠጥ በህዋሱ ሽፋን ላይ የሚፈጠረው ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ሞገዱን ያወጣል ይላል። ለዚህ ሐሳብ ጠንካራ ድጋፍ የሆነው አጭር ኪውቲ የተባለ የዘር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ኢሲጂ ነው፦ ቲ ቀድሞ ሲያልቅ ዩ አብሮ አይቀድምም፤ ከልቡ መላላት ጋር ቆይቶ በመካከሉ ሰፊ ጠፍጣፋ መስመር ይተዋል። ለጤናማው ዩ ከሁሉም የሚያሳምነው ማብራሪያ ይህ ይመስለናል።

አራተኛው የአክሽን ፖቴንሻሉን የመጨረሻ ምዕራፍ የሚዘጋውን የፖታሲየም ጅረት ይጠቅሳል። ይህን ጅረት የሚያመላልሰው ቦይ ጉድለት ያለበት አንደርሰን ታዊል ሲንድሮም የተባለ የዘር በሽታ ትልልቅ ዩ ያሳያል፤ የደም ፖታሲየም ሲያንስም ይኸው ጅረት ይደክማል።

በተግባር የሚከተለው ይህ ነው፦ ከቲ በጠፍጣፋ መስመር የተለየ ትንሽ ዩ በኪውቲ ውስጥ አይቆጠርም። ከቲ ጋር የተጋባና ያደገ ጉብታ ግን ያልተጠናቀቀ ሪፖላራይዜሽን (ወደ ዕረፍት መመለስ) እንደሆነ ተቆጥሮ በጥንቃቄ ይመዝገብ።

ኪውቲን ዩ ባለበት መለካት

ዩ የማይታይበትን ሊድ ይምረጡ፤ ኤቪአር እና ኤቪኤል ብዙ ጊዜ ለዚህ ይመቻሉ። ካልሆነ በሊድ ሁለት ወይም በቪ5፣ የቲ መውረጃ በጣም ቁልቁል በሆነበት ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ያስነኩና መነሻ መስመሩን የሚቆርጥበትን ነጥብ የቲ ማብቂያ ያድርጉ።

ምሳሌ፦ ምቱ 50 ነው፣ ስለዚህ አርአር (ከአንድ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ) 1.2 ሰከንድ ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 1.095 ነው። ኪውቲ 420 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ በባዜት ቀመር፣ ማለትም ለስኩዌር ሩቱ ተካፍሎ፣ ሲስተካከል 383 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ጤናማ ነው። ማሽኑ ዩን ጨምሮ 580 ብሎ ከለካው ግን 530 ይወጣና ታካሚው ያለበቂ ምክንያት ከሚያስፈልገው መድኃኒት ይከለከላል። ለወንድ 450፣ ለሴት 460 እና ከዚያ በላይ የተስተካከለ ኪውቲ እንደረዘመ ይቆጠራል፤ ከ500 በላይ አደገኛ ነው። በማሽኑ ቁጥር ብቻ እዚህ ውሳኔ ላይ አይድረሱ። ቲ እና ዩ መለየት እስኪያቅት ከተጋቡ እስከ ዩ ማብቂያ ለክተው «ኪውዩ» ብለው ለብቻው ይጻፉት።

ሲያድግ

መጀመሪያ የሚታሰበው ፖታሲየም ነው፤ መደበኛው ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ነው። ሲወርድ ቲ ይጠፈጥፋል፣ ኤስቲ ዝቅ ይላል፣ ዩ ያድጋል፤ ከ3 በታች ምልክቶቹ እየጎሉ ሄደው ዩ በቪ2 እና ቪ3 ከቲ ሊበልጥ ይችላል። ኢሲጂው ደህና መምሰሉ ግን እጥረቱን አያስቀርም፤ ደም ይላኩ። ማግኒዚየምንም አብረው ይለኩ፤ እሱ ካነሰ ኩላሊት ፖታሲየምን ስለሚያፈስ የሚሰጠው ምትክ አይቆይም። የደም ስር ፖታሲየም ተበጥብጦ በዝግታ ይሰጣል እንጂ በፍጹም በአንድ ጊዜ አይገፋም፤ ልብን ያቆማል።

ቀጥሎ የመድኃኒት ዝርዝሩን ያንብቡ፦ ሶታሎል፣ አሚዮዳሮን፣ ኪኒዲን፣ ዲጎክሲን፣ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች። የሰውነት ሙቀት መውረድ፣ የግራ ቬንትሪክል መወፈርና በጭንቅላት ውስጥ ያለ ግፊት መጨመርም ዩን ያሳድጋሉ።

አንድ ምልክት በተለይ አይለፍዎ። ካለጊዜው ከመጣ ምት በኋላ ረጅም ዕረፍት ሲኖር፣ ከዕረፍቱ ቀጥሎ ባለው ምት ዩ በድንገት ካበጠ፣ ቶርሳድ የተባለው አደገኛ የቬንትሪክል ሩጫ ሊከተል ይችላል። ታካሚው ሞኒተር ላይ ይሁን፣ ኪውቲን የሚያስረዝመው መድኃኒት ይቁም፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይስተካከሉ።

ሲገለበጥ

ቲ ወደ ላይ ሆኖ ዩ ወደ ታች ከሆነ፣ በተለይ ከቪ4 እስከ ቪ6፣ እንደ ዋዛ አይታይም። በደረት ሕመም ጊዜ የግራ ፊተኛ ወራጅ የልብ ደም ስር መጥበብን ሊያመለክት ይችላል፤ አንዳንዴም ኤስቲ ገና ሳይነቃነቅ ይቀድማል። ለረጅም ጊዜ የቆየ የደም ግፊትና የአኦርታ ወይም የሚትራል ቫልቭ መፍሰስም ይገለብጡታል።

ጉድጓዱ ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ካሬ አይበልጥም፣ ስለዚህ በተከታታይ ቢያንስ ሦስት ምቶች ላይ መደገሙን ያረጋግጡ። ሕመሙ ሲተው ከጠፋ ትርጉሙ የበለጠ ይከብዳል፤ በሕመሙ ጊዜና ከሕመሙ በኋላ የተነሱትን ሁለቱንም ያስቀምጡ። አለመኖሩ ግን ማንንም ነጻ አያወጣም፤ ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ተደጋጋሚ ኢሲጂ እንዳሉ ይቀጥላሉ።

ሪፖርቱ ላይ «ዩ አለ» ብቻ መጻፍ አይበቃም። እንዲህ ይሁን፦ «ምት 58፤ በቪ2 እና ቪ3 ወደ ላይ የሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ዩ፣ ከቲ ይበልጣል፣ ከቲ ጋር ተጋብቷል፤ ኪውቲ በኤቪኤል ተለክቷል፤ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይላኩ»። ፖታሲየሙ ከተስተካከለ በኋላ ኢሲጂው ይደገም፤ ቲ ሲመለስ ዩ ይሟሽሻል። ፖታሲየሙ 4 ደርሶ፣ መድኃኒቱም ቆሞ፣ ዩው እንደ ትልቅነቱ ከቀረ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ የጡንቻ ድካምና ራስን መሳት በቤተሰቡ ውስጥ እንዳለ ይጠይቁ፤ አንደርሰን ታዊል ሲንድሮም የሚያዘው በዚህ ጥያቄ ነው።