123456789፦ በመልኩ የሚሸውድ ቁጥር

ከ1 እስከ 9 ሰልፍ ይዞ የቆመ ቁጥር ነው። ሲያዩት ደስ ይላል። ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል፤ መልኩ ስላማረ ብዙ ሰው ሳያሰላ ይፈርድበታል። ከታች ካሉት ስህተቶች አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

የአሃዞችን ድምር ከልክ በላይ ማመን

አሃዞቹ ሲደመሩ 45 ናቸው። 45 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል። እስከዚህ ልክ ነው። «45 ለ5ም ይካፈላል፣ ስለዚህ…» ሲባል ግን ነገር ተበላሸ። ዘዴው ለ3 እና ለ9 የሚሠራው 10፣ 100፣ 1000 ሁሉም ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚተርፋቸው ነው። ለ5 የሚታየው የመጨረሻው አሃዝ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እዚህ 9 ነው።

ቶሎ ታክቶ «ብቸኛ ነው» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቁጥሩን ለ9 ስናካፍለው 13717421 እናገኛለን። ለ7 ሞክሩት፣ እምቢ። ለ11፣ ለ13፣ ለ17፣ አሁንም እምቢ። መቶ ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ሲል ሰው ይሰለቻል። «በቃ፣ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። መቆም የሚቻለው ግን ዳግም ዘሩ ላይ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው ላይ) ሲደረስ ነው፤ ከሁለት አካፋዮች ትንሹ ከዚያ አያልፍምና። እሱም 3703 ከምናምን ነው። ቁጥሩ እጅ የሚሰጠው ደግሞ 3607 ላይ! ከ500 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች ከተሞከሩ በኋላ፣ ሊያልቅ ሲል ማለት ነው።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጠቀመበት ዘዴ እዚህ ላይ ያስቃል። ከታች ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ከዳግም ዘሩ በላይ ካለው የመጀመሪያ ሙሉ ቁጥር ይነሳል። 3704ን በራሱ አባዝተን 13717421 ስንቀንስ 2195 ይቀራል፤ የማንም ካሬ አይደለም። በ3705 ስንሞክር 9604 ይቀራል። ይሄማ 98 × 98 ነው! የሁለት ካሬዎች ልዩነት የዳግም ዘሮቻቸው ልዩነትና ድምር ብዜት ስለሆነ፣ አካፋዮቹ 3705 − 98 = 3607 እና 3705 + 98 = 3803 ናቸው። ሁለት ሙከራ ብቻ። ዘዴው እንዲህ የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው፤ ሲራራቁ ያለፋል።

አካፋዮችን ሲቆጥሩ አርቢውን መርሳት

ቁጥሩ 3 × 3 × 3607 × 3803 ነው። ሦስት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ስላዩ 2 × 2 × 2 = 8 የሚሉ አሉ። የ3 አርቢ (የተባዛበት ጊዜ ብዛት) 2 ስለሆነ፣ አንድ አካፋይ 3ን ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ 3 × 2 × 2 = 12 ነው።

ካሬ ይመስላል ማለት

ከ11111 ካሬ ጋር ያምታቱታል። ያኛው 123454321 ነው።

ሲገለበጥ «ልክ 8 እጥፍ» ማለት

987654321ን ለ123456789 አካፍሉት። ስልኩ 8.00000007 ምናምን ያሳያል፤ ዓይን 8 ብሎ ያልፈዋል። ግን 8 እጥፉ 987654312 ነው፤ 9 ይተርፋል። ይህቺ ትርፍ ቀላል አይደለችም። ሁለቱንም የሚያካፍል ቁጥር ሁሉ እሷንም ማካፈል አለበት፤ ሁለቱም ደግሞ ለ9 ስለሚካፈሉ፣ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው ራሷ ናት።