ከተደራረበ አሬይ ጽሑፍ ውስጥ ቁጥሮችን በሬጌክስ ማውጣት

አንድ አሬይ (በቅንፍ የታጠረ የእሴቶች ዝርዝር) በሌላ አሬይ ውስጥ፣ ያም በሌላ ውስጥ ተሸጉጦ እንደ ተራ ጽሑፍ ሲደርሰን፣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንታገለው ከቅንፎቹ ጋር ነው። የምንፈልገው ቁጥሮቹን ብቻ ከሆነ ግን ቅንፎቹን ከነኮማቸው ትተን፣ ቁጥር ምን እንደሚመስል ብቻ ለሬጌክሱ (ከጽሑፍ ውስጥ የምንፈልገውን ለሚለየው የፍለጋ ንድፍ) መንገር ይበቃል። ይህን ጽሑፍ እንውሰድ፦

[1, [2, [-3, 4.5]], 10]

[0-9]+ የሚለው ንድፍ ተከታታይ አሃዞችን አንድ ላይ ስለሚይዝ 10ን ሳይከፍል ያወጣል፤ ሆኖም የ-3ን የመቀነስ ምልክት ይጥላል፣ 4.5ንም 4 እና 5 አድርጎ ይሰብረዋል። ስለዚህ እናሰፋዋለን፦

-?[0-9]+(?:\.[0-9]+)?

የጥያቄ ምልክቱ ከእሱ በፊት ያለው ነገር ባይኖርም ግድ የለም ማለቱ ነው። ነጥብ በሬጌክስ ከአዲስ መስመር ምልክት በቀር ማንኛውንም ካራክተር (ፊደል፣ አሃዝ ወይም ምልክት) ስለሚወክል፣ የአስርዮሽ ነጥብን ብቻ ለማመልከት ባክስላሽ ይቀድመዋል። ቅንፉ በ?: መጀመሩም ለጌጥ አይደለም፤ በፓይተን ፋይንድኦል (findall፣ ከንድፉ ጋር የሚገጥመውን ሁሉ የሚያወጣው ትእዛዝ) ተራ ቅንፍ ከተጠቀምን በቅንፉ ውስጥ የተያዘው ብቻ ስለሚመለስ፣ ከምሳሌያችን የምናገኘው አራት ባዶ ጽሑፎችና አንድ .5 ይሆናል። እኔን ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ አሞኝቶኛል።

በትምህርተ ጥቅስ የታጠረ ጽሑፍ በመካከል ካለ ጥንቃቄ ያሻል። ለምሳሌ "2024-01-05" የሚለው ቀን 2024፣ -01 እና -05 ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ጥቅሱን ቀድሞ መዋጥ ነው፦

"[^"]*"|(-?[0-9]+(?:\.[0-9]+)?)

ሬጌክሱ ጥቅስ ሲያጋጥመው መላውን ይውጠዋል፤ እኛ የምንቀበለው በግሩፕ 1 (በመጀመሪያው ተራ ቅንፍ) የተያዘውን ብቻ ስለሆነ ባዶ የመጡትን እንጥላለን። በጥቅሱ ውስጥ በባክስላሽ የተጠበቀ ሌላ የጥቅስ ምልክት ካለ ግን ይህ ንድፍ ይስታል።

እያንዳንዱ ቁጥር በስንተኛው ደረጃ እንዳለ ማወቅ ከተፈለገ ነገሩ ይለወጣል፤ መሠረታዊው ሬጌክስ መክፈቻና መዝጊያ ቅንፎችን ቆጥሮ ማመጣጠን አይችልምና። ቆጠራውን ለፕሮግራሙ ትተን ቅንፎቹንና ቁጥሮቹን በየተራቸው እናወጣለን፦

\[|\]|-?[0-9]+(?:\.[0-9]+)?

ከዜሮ ተነስተን ለመክፈቻ ቅንፍ አንድ እየጨመርን፣ ለመዝጊያ አንድ እየቀነስን ስንሄድ 1 በደረጃ 1፣ 2 በደረጃ 2፣ -3 እና 4.5 በደረጃ 3 ይገኛሉ፤ 10 ላይ ስንደርስ ቆጣሪው ወደ 1 ተመልሷል። ጽሑፉ ትክክለኛ ጄሰን (JSON፣ የታወቀ የመረጃ አጻጻፍ ቅርጸት) ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ትቶ በጄሰን ፓርሰር፣ ማለትም ይህን ቅርጸት አንብቦ በሚተነትን መሣሪያ፣ መጠቀም ይሻላል ባይ ነኝ።

የወጣው ሁሉ ገና ጽሑፍ መሆኑም አይዘንጋ፤ ወደ ቁጥር ሳይቀየር በቅደም ተከተል ቢደረደር፣ ንጽጽሩ ከመጀመሪያው ካራክተር ስለሚጀምር 10 ከ2 ቀድሞ ይቀመጣል።