የግፊት መለኪያ ጌጅ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር እንዳለ ፎርሙላ ውስጥ አትክተቱ

ሐዋሳ ያላችሁ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ የቦይል ሕግ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር አለች፤ እሷን ልንገራችሁ።

ሕጉ ራሱ ቀላል ነው። ሙቀቱ ካልተለወጠና ጋዙ ካላመለጠ፣ ይዘቱን (የያዘውን ቦታ) በግማሽ ስትቀንሱት ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውሰዱ፣ እስከ 20 ስባችሁ አየር ሙሉበት፣ ጫፉን በጣታችሁ ድፈኑና እስከ 10 ግፉት። ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል።

ችግሩ የሚመጣው በጌጅ ስትለኩ ነው። የጎሚስታ ቤት ጌጅ ዜሮ ሲል ጎማው ውስጥ አየር የለም ማለት አይደለም፤ የውስጡና የውጭው ግፊት እኩል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከመጀመራችሁ በፊት የውጭውን አየር ግፊት ደምሩበት፣ እሱም በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ወደ 82 ይወርዳል። ስሪንጁ ውስጥ 82 የነበረው 164 ሆነ ማለት ነው። ጌጅ ብታስሩበት የሚያሳያችሁ ግን 82 ብቻ ነው። ጌጁን ብቻ አምናችሁ የመጀመሪያውን ዜሮ በ2 ብታባዙት እኮ መልሱ ያው ዜሮ ነው!

ደግሞ ቀስ ብላችሁ ግፉ። በፍጥነት የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ ብስክሌት ስትነፉ ፓምፑ የሚግለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሲሞቅ ግፊቱ ካሰላችሁት በላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ጥቂት ጠብቃችሁ አንብቡ።