ቦክስ ብሌድን ከአነስተኛ ትራክተር ጋር ማመጣጠን

ቦክስ ብሌድ (ከትራክተር ኋላ ተያይዞ መሬት የሚያስተካክል፣ መቁረጫ ምላጭና መሬት የሚቧጥጡ ጥርሶች ያሉት ሳጥን መሰል መሣሪያ) ከመግዛትዎ በፊት ሜትር ይዘው ከአንዱ የኋላ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላኛው ውጫዊ ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩ። ብሌዱ ቢያንስ ይህን ስፋት መሸፈን አለበት፤ በሁለቱም በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢተርፍ ደግሞ ይመረጣል። ከዚህ የጠበበ ከሆነ የጎማውን ዱካ ሳይደመስስ ስለሚያልፍ፣ የተስተካከለው የጠጠር መንገድ ዳርና ዳሩ ላይ መስመር ይዞ ይቀራል።

ስፋቱ ብቻውን ግን አይበቃም። በተለምዶ ለ1 ጫማ ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይታሰባል፤ በዚህ ስሌት 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር 5 ጫማ፣ ማለትም 1.5 ሜትር አካባቢ ስፋት ያለውን ይጎትታል። እኔ ግን ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ለትራክተሩ ክብደት የበለጠ ቦታ እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም ሳጥኑ በእርጥብ አፈር ሲሞላና ጥርሶቹ ጠንካራ መሬት ሲነክሱ፣ ቀላል ትራክተር ሞተሩ ገና ሳይደክም ጎማው ባለበት መሽከርከር ይጀምራል። ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ መሆኑና የኋላ ጎማዎቹ በፈሳሽ መሞላታቸው በእጅጉ ይረዳል።

ብሌዱ ራሱም መክበድ አለበት፤ ቀላሉ በደረቅ መሬት ላይ እየዘለለ ያልፋል እንጂ አይቆርጥም። በመጨረሻም የብሌዱንና የሚይዘውን አፈር ክብደት በትራክተሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው የኋላ ማንሻ አቅም ጋር ያነጻጽሩ፤ የአብዛኞቹ አነስተኛ ትራክተሮች የኋላ ማያያዣ ምድብ 1 (የማያያዣ መጠን ደረጃ) ስለሆነ፣ ብሌዱን ከትራክተሩ ክንዶች ጋር የሚያገናኙት የታችኞቹ ፒኖች ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር መሆኑንም ያረጋግጡ።