ጎንደር ፈጣን የከተማ ትራንስፖርት ስታስብ ልትርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማምሻውን ከፒያሳ ወደ አዘዞ ታክሲ የጠበቀ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ከተማዋ እየሰፋች ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም በዚያው አቅጣጫ ነው። አንድ ቀን ብዙ ሰው ቶሎ የሚያመላልስ ትራንስፖርት ማስፈለጉ አይቀርም። ሌሎች ከተሞች የተሳሳቱትን አሁኑኑ ብናይ ይጠቅመናል።

ከተሽከርካሪው መጀመር

ብዙ ሰው «ባቡር ይሠራልን» ይላል። መቅደም ያለበት ግን ማን፣ ከየት ወዴት፣ በስንት ሰዓት ይሄዳል የሚለው ነው። ጎንደር ደግሞ ዳገት ይበዛባታል። የብረት ጎማ በብረት ሃዲድ ላይ ስለሚንሸራተት፣ በ100 ሜትር ርቀት ከ6 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት ለአብዛኛው የከተማ ባቡር ከባድ ነው። የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ባቡሯን የዘረጋችው ሸለቆው ውስጥ ነው። ኮረብታው ላይ ለሚኖሩት እ.ኤ.አ. በ2004 በገመድ የሚሄድ መጓጓዣ ሠርታ ከባቡሩ ጋር አገናኘችላቸው። ለእኛ ለጊዜው የራሱ መስመር የተከለለለት አውቶቡስ የሚበቃ ይመስለኛል።

የግንባታውን ብር ቆጥሮ የማስኬጃውን መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ኮርተናል። 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። 41 ባቡሮች ነበሩት። ዓመታት ሲያልፉ ግን ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ቲኬቱ ደግሞ ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ ለተሳፋሪው እፎይታ ቢሆንም ጥገናውን አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ባቡር ሲያንስ ጥበቃው ይረዝማል፤ የመጣውም ይታጨቃል፤ ሰውም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሚኒባስ ሰልፍ ይመለሳል። ተሳፋሪ የሚፈልገው ፌርማታ ላይ ብዙ አለመቆምን ነው። በየ5 ደቂቃው የሚመጣ አሮጌ አውቶቡስ፣ በየ30 ደቂቃው ከሚመጣ አዲስ ባቡር ይሻለዋል። ስለዚህ ድጎማውን ማን ይከፍላል፣ መካኒኩ የት ይሠለጥናል፣ መለዋወጫው በምን ይገዛል የሚለው ከመሠረት ድንጋዩ በፊት መልስ ይፈልጋል።

መስመሩን አጥር ማድረግ

አዲስ አበባ ውስጥ ሃዲዱ መሬት ላይ በተዘረጋባቸው ቦታዎች ከወዲህ ማዶ ወዲያ ማዶ መሻገር ከባድ ሆኗል። እናቶች ዕቃ ተሸክመው ረጅም ይዞራሉ። ማቋረጫው ከመስመሩ ጋር አብሮ መነደፍ አለበት።

ዴፖውን ባዶ በተገኘ ቦታ መትከል

ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 ጥሩ የፈጣን አውቶቡስ አገልግሎት ጀመረች። ዴፖው፣ ማለትም አውቶቡሶቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ግቢ፣ ግን ጃንግዋኒ የሚባል ጎርፍ የሚተኛበት ረባዳ ስፍራ ላይ ነበር፤ ዝናብ ሲበረታ በተደጋጋሚ ተጥለቀለቀ። እኛም ቀሃና አንገረብ የሚባሉ ወንዞች አሉን። በክረምት ምን እንደሚመስሉ የጎንደር ልጅ አይጠፋውም።

ባጃጁን እንደ ጠላት ማየት

ትልቁ አውቶቡስ ሰፈር ውስጥ አይገባም። ከቤት እስከ ፌርማታ የሚያደርሰው ባጃጅ ነው። ሾፌሮቹን ከመጀመሪያው አነጋግሮ፣ ተራቸውን ከፌርማታው አጠገብ መስጠት እንጀራቸውንም ያስጠብቃል፣ አውቶቡሱንም በሰው ይሞላል።

ቤተ መንግሥቱንና ጥምቀትን መዘንጋት

ፋሲል ግቢ ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ከባድ ቁፋሮና ንዝረት ወደ ግንቡ መጠጋት የለበትም። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ መንገዱ የታቦቱና የምእመኑ ነው። ለእነዚያ ቀናት የተለየ የጉዞ ዕቅድ ቀድሞ ይዘጋጅ።

መሬቱን ሳይከልሉ መቆየት

ዛሬ ከአዘዞ መንገድ ዳር ያለው ክፍት ቦታ ነገ ፎቅ ይሆናል። ያኔ ካሳው ከግንባታው ሊበልጥ ይችላል። መስመሩን በከተማው ፕላን ላይ ዛሬ ማስመርና ግንባታ እንዳይገባበት ማስከበር ብድር አያስፈልገውም።