«ስልክህን ክፈት» ከመባላችሁ በፊት

አውቶቡሱ ኬላ ላይ ይቆማል። «ወንዶች ውረዱ!» ይባላል። መታወቂያ ይታያል፣ ቀጥሎ «ስልክህን ክፈት» ይመጣል። ፈታሹ መጀመሪያ የሚገባው ጋለሪ ነው፤ ፎቶውን በአውራ ጣቱ እየገፋ ቁልቁል ይሄዳል። ከዚያ ቴሌግራም። የግሩፖቹን ስም ያነባል፣ አንዳንዱ መፈለጊያው ላይ አንድ ቃል ጽፎ የሚወጣውን ያያል። ነገሩ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። በዚያች ደቂቃ ደግሞ ምንም ማስተካከል አይቻልም። የሚስተካከለው ቤት ቁጭ ተብሎ ነው፤ እዚህ የምጽፈውም ያንን ነው።

«እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። እሺ፣ እናንተ የላችሁም። ግን ስልካችሁ ውስጥ ያለው የእናንተ ብቻ አይደለም። ጓደኛችሁ ተናዶ የላከው ድምፅ አለ፣ የእህታችሁ የሐኪም ወረቀት ፎቶ አለ፣ ስሙ እንዳይነሳ ብሎ ያማከራችሁ የሥራ ባልደረባ አለ። ስልካችሁን ስታጸዱ የምትጠብቁት እነሱንም ነው። እኔ በበኩሌ ዋናው ምክንያት ይኼ ይመስለኛል።

ሕጉን ባጭሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰውን፣ ቤቱንና በእጁ ያለ ንብረቱን ከብርበራ ይጠብቃል። እዚያው ላይ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ተጽፏል። ባለሥልጣን ይህን መገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ፣ ዝም የማለት መብት እንዳለውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። ችግሩ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ነው። አንቀጽ 93 «በአስቸኳይ ጊዜም አይነኩም» ካላቸው ጥቂት መብቶች መካከል አንቀጽ 26 የለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርን ፈቅዶ ነበር። ለስድስት ወር ተብሎ ተጀምሮ አራት ወር ተጨመረበት። አዋጅ ቀን ቆጥሮ ያልቃል፤ ያለ ወረቀት ስልክ የመክፈት ልማድ ግን ከአዋጁ ጋር አብሮ አይጠፋም።

ስለዚህ መብታችሁን እወቁ፣ ግን መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር ጨለማ ላይ ቆማችሁ ስለ አንቀጽ እንድትከራከሩ አልመክርም። ስልክ ይተካል።

ወደ ሥራው እንግባ። ከጋለሪ ጀምሩ፣ ብዙ ሰው የሚያዘው እዚያ ነው። አንድ ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ የማታውቁት ሰው የታጣቂ ፎቶ ይለጥፋል። እናንተ አላያችሁትም፣ አልከፈታችሁትም፣ ምናልባት ግሩፑን ከተቀላቀላችሁ ወዲህ ገብታችሁም አታውቁም። ስልካችሁ ግን በራሱ አውርዶ ጋለሪ ውስጥ አስቀምጦታል። ኬላ ላይ ቆማችሁ «እኔ አይደለሁም ያወረድኩት፣ ቴሌግራም ነው» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቱ። ሴቭ ቱ ጋለሪ የሚለውን ለግሩፕም ለቻናልም ለግል ቻትም አጥፉት። ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ የሚለውንም እዚያው ዝጉት፤ ዳታም ትቆጥባላችሁ። ዋትስአፕ ላይ ቻትስ ውስጥ ሚዲያ ቪዚቢሊቲ የሚባል አለ፣ እሱንም አጥፉ።

ከዚያ ያለውን አጽዱ። አስታውሱ፣ የጠፋ ፎቶ ወዲያው አይጠፋም። አይፎን ላይ ሪሰንትሊ ዲሊትድ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። ጎግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ የተደረገ ከሆነ ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቀመጣል። ፈታሽ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፣ ገብቶም ያያል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠፋው፤ አንዴ ከጋለሪ፣ አንዴ ከቅርጫቱ። የምትወዱትን ፎቶ አታጥፉት፣ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ቤት አስቀምጡ። በተለይ ሴቶች የቤት ውስጥ ፎቷችሁን ይዛችሁ አትጓዙ። ለማያውቁት ወንድ ያንን ከፍቶ ማሳየት ወንጀል ባይገኝበትም ራሱ ውርደት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ጭልጥ ያለ ባዶ ስልክ ራሱ ጥያቄ ያመጣል። የቤተሰብ ፎቶ ይኑር፣ የሠርግ ቪዲዮ ይኑር፣ ተራ ወሬ ይኑር። ካልኩሌተር መስለው ፎቶ የሚደብቁ አፖችንም አልወዳቸውም፤ ከተገኙ «ምን ልትደብቅ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ፎቶው ካመጣው የበለጠ መዘዝ ይስባል። ደግሞ ምርመራ የተከፈተባችሁ ሰዎች ከሆናችሁ ምንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ። የምናወራው ስለ ተራ ጉዞና ስለ ተራ ሰው ነው።

አሁን ቴሌግራም። እኛ አገር ዜናውም፣ ንግዱም፣ የትምህርት ቤት ግሩፑም፣ የዕድር ማስታወቂያውም እዚያ ነው፤ እና አብዛኛው ሰው «ቴሌግራም ሚስጥር ይጠብቃል» ብሎ ያምናል። ተራው የቴሌግራም ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ለዚህም ነው አዲስ ስልክ ላይ ስትገቡ የድሮ ቻታችሁ ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው። የተቆለፈው ሲክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱም በሁለት ሰው መካከል ነው፤ ግሩፕ ላይ የለም። ከባድ ነገር የምታወሩ ከሆነ ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ ተጠቀሙ፣ መልእክቱም በራሱ እንዲጠፋ ቀን ስጡት።

ቴሌግራም ላይ ስትገቡ የሚላከው ኮድ በኤስኤምኤስ ሊመጣ ይችላል። ኤስኤምኤስ ደግሞ በስልክ ኩባንያው መስመር ነው የሚያልፈው። ሲማችሁን በእጁ ያደረገ ወይም መስመሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ኮዱን ካገኘ አካውንታችሁ ውስጥ ገባ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ነው። ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከኮዱ በተጨማሪ እናንተ ብቻ የምታውቁትን ፓስዎርድ ይጠይቃል። የልደት ቀን አታድርጉት፣ የልጃችሁን ስም አታድርጉት። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የምሠራው የምትሉ ከሆነ ይህንን ሥሩ።

እዚያው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ። ፎን ነምበር የሚለውን ኖባዲ አድርጉት፣ ትልልቅ ግሩፖች ውስጥ ቁጥራችሁ ለማንም እንዳይታይ። ሁለተኛው ግሩፕ ውስጥ ማን ሊጨምራችሁ እንደሚችል የሚወስነው ነው፤ ማይ ኮንታክትስ አድርጉት። ሳትጠየቁ የተጨመራችሁበት ግሩፕ ስሙ አስፈሪ ከሆነ ኬላ ላይ የሚታየው ስሙ እንጂ ማን እንደጨመራችሁ አይደለም። ከማትከታተሉት ግሩፕ ሁሉ ውጡ። ዲቫይስስ የሚለውንም እዩ፤ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ወዲያው አስወጡት።

የስክሪን ቁልፍ ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ ለጉዞ ስልኩ በአሻራና በፊት መከፈቱን አጥፉ። ጣት በግድ ሊያዝ ይችላል፣ ስልክም ፊታችሁ ላይ ሊደገን ይችላል። በጣት የሚሳለው መስመር (ፓተርን) ደግሞ ስክሪኑ ላይ ምልክት ይተዋል፣ ከትከሻ በላይም በቀላሉ ይታያል። ስድስት አሃዝና ከዚያ በላይ ቁጥር ተጠቀሙ። አይፎን ላይ የጎኑን ቁልፍና የድምፁን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭናችሁ ትንሽ ብትቆዩ ፊታችሁን መቀበል ያቆማል፣ ቁጥር ካልገባ አይከፈትም። ብዙ አንድሮይዶች ላይ የማጥፊያው ምናሌ ውስጥ ሎክዳውን የሚባል አለ። ከሁሉም የሚሻለው ስልኩን ማጥፋት ነው። ጠፍቶ የተነሣና ቁጥር ያልገባበት ስልክ ውስጡ ያለው አብዛኛው ነገር እንደተቆለፈ ነው፤ የእስራኤሉ ኩባንያ ሴሌብራይት ለፖሊስ የሚሸጣቸው ዓይነት መሣሪያዎችም እንዲህ ያለው ላይ ሥራቸው ይከብዳል። ይኼ የሚጠቅመው ስልኩ ከእጃችሁ ተወስዶ ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው። «ክፈት» ተብላችሁ ከከፈታችሁማ ያው ነው።

ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስን በተመለከተ ምንም አትመኑ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ታስረው የነበሩ ሰዎች መርማሪዎች የተቀዳ የስልክ ንግግራቸውን እንዳሰሟቸውና የደወሉባቸውን ቁጥሮች ዝርዝር እንዳሳዩአቸው ተናግረዋል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ ሁላችንም ወደዚያው መስመር እንመለሳለን። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ትግራይ ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጣ ቆየች። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ። ስለዚህ መስመር በተዘጋ ሰሞን «ደህና ነን፣ ደህና ናችሁ?» በቂ ነው። የቀረው ሲከፈት ይወራል።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይኼ ለእናንተ ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ቪዲዮ ጎንደር ወይም ነቀምት ላለ ወንድማችሁ ስትልኩ፣ ከእናንተ ስልክ የወጣው ነገር እሱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ኬላ ያልፋል። እሱ ላኩልኝ ካላላችሁ አትላኩለት። መላክ ካለባችሁ በራሱ የሚጠፋ አድርጉት።

እናንተም ብትሆኑ ሩቅ ናችሁ ማለት አይደለም። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2013 እ.ኤ.አ. የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ መሰለያ አጋለጠ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ኩባንያ መሣሪያ የኢሳት ጋዜጠኞች እንደተሞከረባቸው አሳየ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐሰት የፍላሽ ፕሌየር (የቪዲዮ ማጫወቻ) ማሻሻያ የተላከላቸው ሰዎች ነበሩ፤ መሣሪያው ሳይበርቢት ከሚባል የእስራኤል ኩባንያ ነበር። ሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የተጠራ የትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ዜጋ ኮምፒውተር ለወራት ተሰልሎ የስካይፕ ጥሪዎቹ ተቀድተዋል። የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በከፊል ከአሜሪካ ውጭ ስለተፈጸመ መንግሥትን አሜሪካ ውስጥ መክሰስ አይቻልም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ተሰልሎ ማንም አልተጠየቀም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ለእናንተ የሚቀረው ጥንቃቄ ይኼ ነው፦ ባልጠበቃችሁት ሰዓት የመጣ ፋይል፣ ከምታውቁት ሰው ስም ቢመጣም፣ ደውላችሁ «አንተ ነህ የላክኸው?» ሳትሉ አትክፈቱ። ቪዲዮ ለማየት አንድ ነገር ጫን የሚል ገጽ ካያችሁ ዝጉት።

ኬላው ደርሷል እንበል። እጃችሁ ይታይ፣ ድምፃችሁ ዝቅ ይበል። አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና ጠይቁ፦ «ይቅርታ አለቃ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው? ትእዛዝ አለ ወይ?» መልሱ ቁጣ ከሆነ አትድገሙት። አትዋሹ፤ «ቴሌግራም የለኝም» ብሎ ቴሌግራም መገኘት ከግሩፑ ስም ይብሳል። የተጠየቃችሁትን መልሱ፣ ያልተጠየቃችሁትን አታውሩ። ስለ ሌላ ሰው ከተጠየቃችሁ «አላውቅም» የምትሉት በእውነት ካላወቃችሁ ነው፤ ካልሆነ «እሱን በተመለከተ መናገር አልፈልግም» ማለት መብት ነው።

ስልኩ ከተወሰደ የጣቢያውን ስም፣ ሰዓቱንና የወሰደውን ሰው ስም ወይም ማዕረግ በቃል ያዙ። የተያዘው ንብረት የሚጻፍበት ወረቀት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከጉዞ በፊት *#06# ደውላችሁ የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፉ፣ ቤት ይቀመጥ። የአንድ የቤተሰብ ሰውና የአንድ ጠበቃ ቁጥር በቃላችሁ ይኑር፤ ዛሬ የእናቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ወዲያው ለውጥ ባያመጣም መዝገብ ይሆናል፣ ተጽፎ ያልተቀመጠ በደል ደግሞ አልነበረም ይባላል።

ስልኩ ሲመለስ እንደ ድሮው አትጠቀሙበት። በሌላ ስልክ ገብታችሁ የቴሌግራም፣ የኢሜይልና የባንክ ፓስዎርዳችሁን ቀይሩ። ዲቫይስስ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስወጡ። የማታውቁት አፕ መኖሩን እዩ፣ ከተቻለ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምስሳችሁ (ፋክተሪ ሪሴት) እንደ አዲስ አስነሡት። ከሁሉ በፊት ግን ስልኩ ውስጥ ለነበሩት ሰዎች በአካል ወይም በሌላ ሰው ስልክ ንገሩ። «ስልኬ ይህን ያህል ሰዓት ከእጄ ወጥቶ ነበር፣ ከእኔ ጋር የተጻጻፍከውን ሁሉ እንዳዩት ቁጠረው፣ በዚያ ሰዓት በእኔ ስም የመጣ መልእክት ካለ አትመን» በሏቸው።